የሊፍቱ ሳንቲም

የኛ ሕንፃ ሊፍት ያለ ሳንቲም አይወጣም፤
አሥር ቴትሪ ካልጎረሰ፣ ብትለምነው አይመጣም።
መውጣት ነው የሚያስከፍል፣ መውረድ በነፃ ነው፤
ማን እንዲህ እንደደነገገ እስከ ዛሬ አላወቅነው።

ሰፈሩ ግልዳኒ፣ ከትብሊሲ ዳር፣
ዘጠኝ ፎቅ ነው ሕንፃው፣ ሠላሳ ስድስት በር፤
ስድስተኛው ላይ ነኝ፣ እኔ ምዜቪናር።

ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆሜ፣
ሽሮፕ ቀድቼ፣ ኪኒን ቆጥሬ፣ ደክሜ፣
ጡረታ ከወጣሁ ተረስቶ ነበር ስሜ።
በዚያ መጋቢት ግን፣ ከተማው ሲዘጋ፣
ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሌቱ ገና ሳይነጋ፣
ጥያቄውን ይዞ ተሰለፈ በሬ ጋ፤
ሁለት ሁለት ደረጃ እየተራራቀ፣
አፉን በመሃረብ፣ በሻርፕ እየደበቀ።

«ዳቦውን ከምድጃው ትኩሱን አምጥቼ
መልሼ ላሙቀው? ወይስ ልብላው ፈርቼ?»
«ድንችስ በሳሙና ይታጠባል ወይ?»
«ልጁ የበር እጀታ ላሰብኝ! አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ አይደለም ወይ?»
«ያስነጠሰኝ ይሄ የፈጨሁት ቃሪያ ነው፣
ወይስ... እሱ ነው?»
ስሙን ማንም አይጠራም። «እሱ» ነው የምንለው።

ጽያላ፣ ከሦስተኛው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ሃምሳ ዓመት ሲያጨስ የኖረ ባል አለኝ፤
አዲሱን ሳል ካሮጌው በምን ልለይ? ንገሪኝ።»

ኤንዜላ አራስ ናት፣ በበሩ ስንጥቅ፦
«ሳጠባው አፌን ልሸፍን? ፊቴን ሳያይ ቢያድግ
እናቱ ማን እንደሆነች በምን ሊያውቅ?»

ታክሲ ነጂው ጎቻ ደግሞ፦
«ቤት ተቀመጡ ሲሉን ታክሲዬም ቁጭ አለ፤
የባንኩን ዕዳ ግን ማነው ቁጭ በል ያለ?»
ለሱ እንኳ መልስ አጥቼ «ውሃ ጠጣ» አልኩት።

ለሌላው ግን መለስኩ። መልስ አይነጥፍብኝም፤
ነጭ ጋዋን «አላውቅም» ማለት አልለመደም።

ዘጠነኛው ላይ ያለው ሺዮ፣ ሽማግሌው፣
ዕድሜውን ከመሬት በታች ሜትሮ የነዳው፣
ጠዋት ሁለት ሰዓት ይደውላል፤ ጥያቄው ያው አንድ ነው፦
«የሊፍቱን ሳንቲም ስንት እጅ ነካው?
በሆምጣጤ ብዘፈዝፈው፣ አይጠራም ብለሽ ነው?»
«ሆምጣጤ ለሰላጣ ነው! በደረጃ ውጣ፣ አንተ ሰውዬ!»
«ጉልበቴን ጠይቂልኝ፤ እሺ ካለሽ፣ እኔ ምን ተዳዬ።»

አልሰማኝም። አንድ ቀን ብወርድ ምድር ቤት፣
የማርማላታ ጠርሙስ አስቀምጧል ሊፍቱ በር ፊት፤
ውስጡ ሳንቲም፣ ሳንቲሙ ላይ ሆምጣጤ፣
ጎኑ ላይ ወረቀት፦ «ታጥቧል። ያጣ ይውሰድ።»
ሳቅኩ። ሽታው ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

በሚያዝያ፣ እኩለ ሌሊት፣ አምቡላንስ መጣ።
ሁለት ሰዎች፣ ከራስ እስከ እግር ነጭ የለበሱ፣
ቃሬዛ ይዘው ሊፍቱ ፊት ደረሱ።
ልብሱ ኪስ የለው፤
ኪስ የሌለው ሰው ሳንቲም ከየት ያምጣ?
ደረጃው መሃል ቆሜ አየሁ። አንዱ ጎንበስ አለ፣
በጓንቱ ከጠርሙሱ አንዲት ሳንቲም አወጣ፣
አንጠባጠባት፣ ከተታት።
ሺዮን ይዘውት ወረዱ።
መውረድ በነፃ ነው።

ዘጠኝ ጠዋት ስልኬ ዝም አለ።
ጎረቤቱ ዳቦና ድንቹን ትቶ
«ይተርፍ ይሆን?» ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር፤
ጋዋኔን ያኔ ያወለቅሁ መሰለኝ፤ «አላውቅም» አልኩ።

በአሥረኛው፣ ልክ በሁለት ሰዓት፣ ደወለ።
ከማሽኑ ሲርታ ጀርባ፣ ድምፁ እንደ ክር ቀጥኖ፦
«ሆምጣጤውን... ማን እየቀየረው ነው?»
«እኔ» አልኩ።
ዋሸሁ።

ስልኩ ሲዘጋ የሰላጣዬን ሆምጣጤ ታቅፌ
ስድስት ፎቅ በደረጃ ወረድኩ፣ በካልሲዬ።
ጠርሙሱ ደርቋል። ሳንቲሞቹን ዝገት ጀምሯቸዋል።
መሬት ቁጭ ብዬ አጠብኳቸው፣ አንድ በአንድ፤
የማይጠቅም እንደሆነም እያወቅሁ፣
ወይም ሳላውቅ።

ከዚያ አንዱን፣ እርጥቡን፣ ለሊፍቱ አጎረስኩት።
ይዞኝ ወጣ። በዚያ ጸደይ
ከሳንቲም በቀር ምንም ያልጠየቀኝ
እሱ ብቻ ነበር።